የጣቢያ ሦስት ዳንቴል

«ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህቴ አይደለሽም» አለ ኤልዳድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ።

ዶርቃ ቧንቧው ሥር ሁለተኛውን ጀሪካን ደቅና ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ የሚወጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ስለ እህትነቷ የቀረበውን ሐሳብ ጀሪካኑ ሳይሞላ ልትመለከተው አልቻለችም። ሲሞላ ክዳኑን አጠበቀች፣ ሦስተኛውን ደቀነች፣ ከዚያ «ከዘጠኝ በኋላስ?» አለች።

«ከዘጠኝ በኋላማ እህቴ ነሽ። ምን ማለትሽ ነው፣ እታለም?»

«ሰዓቱን ለማወቅ ያህል ነው።»

ባሏ ዋቅቶላ ከሶፋው ላይ ቀና አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ወገቡ ከተበላሸ ወዲህ ቤት ውሎ ዜና መከታተል ሥራው ሆኗል፤ ወሬ አያልፈውም። «የኔስ አማችነት ጸና ወይስ እኔም አብሬ ተነሳሁ?»

«ጋሼ፣ አንተ የቤቱ ባለቤት ነህ። ወረቀቱ ላይ ያለው የአንተ ስም ነው።»

«ጌታ ይመስገን» አለ ዋቅቶላ፣ ተመልሶም ጋደም አለ።

ነገሩ የበረንዳው ነው። በረንዳው ላይ ሁለት ሳጥኖች ተተክለዋል፤ ነጩ የእንግሊዞች ነው፣ ግራጫው የቻይኖች። ሁለቱም የሚለኩት ያንኑ አየር፣ አየሩ ውስጥም ያንኑ ብናኝ ነው። አንድን አየር ለመለካት ሁለት ማሽን ለምን እንዳስፈለገ ዶርቃ መጀመሪያ ላይ ጠይቃ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲና አንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲ አብረው ሊመራመሩ ተስማምተዋል፤ ግን እንግሊዞቹ የቻይናውን ማሽን አያምኑም፣ ቻይኖቹም የእንግሊዙን አያምኑም፤ አንዱ ሌላው አገር ሄዶ ማሽኔን ልትከል ቢል ደግሞ ፈቃዱ ብቻ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሲጻጻፉ ከርመው በመጨረሻ፣ ከሁለቱም አገር ውጪ በሆነ ቦታ ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይሻላል ተባለ። «በተቋማቱ መካከል መተማመን ለመገንባት ነው» ብሎ ነበር ኤልዳድ። መተማመኑ የተገነባው ዶርቃ ልብስ ታሰጣበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከግድግዳው ሠላሳ ሳንቲም፣ ከፊታቸው ደግሞ ባዶ መሆን አለበት፤ ይህ ሁሉ ሲለካ በረንዳው ላይ የተረፈው ቦታ ለአንድ ሰው፣ ያውም በጎኑ ከቆመ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የዚህ ቤት እርጥብ ልብስ የሚደርቀው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት በተወጠረ ገመድ ላይ ሲሆን፣ ዋቅቶላም ዜና የሚያየው በራሱ ሱሪ ሁለት እግሮች መካከል አሾልቆ ነው።

ውሉ አንቀጽ አሥራ አራት ላይ፣ ማሽኖቹ የሚተከሉበት ቤት የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ዘመድ ቤት መሆን የለበትም ይላል። ኤልዳድ የፕሮጀክቱ የመስክ አስተባባሪ ነው፤ አስተባባሪ ማለት እንግዲህ ማሽኖቹን በየቅዳሜው መጥቶ የሚያይ፣ ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሁለቱም ሲቆጡ ደግሞ የሚቆጡት ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ የተመረጠው ቤት ባለቤት ሐሳባቸውን የቀየሩት የእንግሊዞቹ ማሽን ተጭኖ ከተላከ በኋላ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ በረንዳ መገኘት ነበረበት፤ በሦስት ቀን የሚገኝ በረንዳ የእህት በረንዳ ነው። ቅጹ ላይ የዋቅቶላን ስም ሞላ፣ ቤቱንም «ጣቢያ ሦስት» አለው። ጣቢያ አንድ እንግሊዝ ነው፣ ጣቢያ ሁለት ቻይና፣ ጣቢያ ሦስት ጀሞ፣ የአስቴር ሚኒ ማርኬት ያለበት ብሎክ።

ዛሬ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮፌሰሮች ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ውሉ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። ከተፈራረሙ ለአራት ዓመት ይታደሳል፣ ኤልዳድም በዚያው ለዶክትሬት ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት እንግሊዝ፣ ሁለት ዓመት ቻይና። ካልተፈራረሙ መካኒሳ ወዳለው የግል ኮሌጅ ተመልሶ፣ በቀን ሦስት ቅርንጫፍ በታክሲ እየዞረ ፊዚክስ ያስተምራል። ችግሩ ማሽኖቹ አለመስማማታቸው ነው። የቻይናው ከመጣ፣ ከጥር ወዲህ ማለት ነው፣ ግራጫው ስልሳ ሲል ነጩ ሠላሳ ይላል፤ ግራጫው መቶ ሲል ነጩ አርባ አምስት። እንግሊዞቹ «ምናልባት የተከበሩት ባልደረቦቻችን ማሽን በመጠኑ ያጋንን ይሆን?» ብለው ጻፉ። ቻይኖቹ «ምናልባት የተከበሩት ባልደረቦቻችን ማሽን በመጠኑ ደክሞት ይሆን?» ብለው መለሱ። አራት ወር ሙሉ ሲከባበሩ ከርመው አሁን ሊለያዩ ነው።

«ስለዚህ ዛሬ ሽንኩርት አይቁላላም» አለ ኤልዳድ በጣቱ እየቆጠረ። «ከሰል አይቀጣጠልም። ክብሪትም ቢሆን አይጫርም።»

«እንግዳ እየመጣ?»

«ብስኩትና የታሸገ ውሃ አምጥቻለሁ።»

ዶርቃ ብስኩቱን አገላብጣ አየችው። ስልሳ አምስት ብር የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። «ቤቴ ሰው መጥቶ ብስኩት ላቀርብ ነው?»

«ዛሬ ቤትሽ አይደለም እኮ፤ ጣቢያ ነው። ስታናግሪኝም አቶ ኤልዳድ በይኝ፣ እርስዎ እያልሽ። ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «የአባትሽን ስም እንዳታነሺ። ባጄ ላይ ኤልዳድ ቀጄላ ይላል።»

ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስሎ ከሰዓቱ ቀድሞ ቆመ። ሦስተኛው ጀሪካን ግማሽ ላይ ቀረ። «አባዬም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው?» አለች ዶርቃ። ኤልዳድ ስልኩን አወጣና አንድ ነገር ይጽፍ ጀመር። ይህን ልጅ በሰባት ዓመቱ ከነቀምት በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያመጣችው እሷ ናት፤ ግን ስለ አውቶቡሱ ማንም አላነሳም። ዋቅቶላም ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው።

እንግዶቹን ሊያመጣ ሲወጣ ዶርቃ የምትሠራው አጣች። ምግብ የማይበስልበት ጠዋት እንዲህ ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር። ደግነቱ ትናንት ጭኮ አሽታ አስቀምጣለች፤ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፣ ማሽኑም አይሰማውም። ልብሱን ከገመዱ ላይ ሰብስባ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ኪሮሿን ይዛ ተቀመጠች። በዶርቃ ቤት ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ ዲኮደሩ አለው፣ የሶፋው ክንዶች አላቸው። ነጩ ሳጥን መስከረም ላይ ሲመጣ፣ ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ሜዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት ስላልቻለች በሳምንቱ ሠርታለታለች፤ ከዳር ዳር ዘርፍ ያለው፣ ከውስጥ ደግሞ ዝናብ እንዳያስገባ ወፍራም ላስቲክ የተሰፋበት። ኤልዳድ «ማንም እንዳይነካው» ብሏል፤ እሷም ነክታው አታውቅም፤ መሸፈን መንካት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ሊያይ ሲመጣ ግን ታነሳለታለች፤ ቴሌቪዥንም ሲታይ ይገለጥ የለ። ሲሄድ ትመልሳለች። ስለዚህ ኤልዳድ ዳንቴሉን አይቶት አያውቅም፤ እሷም የሚነገር ነገር ነው ብላ አስባ አታውቅም። ዛሬም እሱ ሳይመጣ በፊት አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጣዋለች። የከነከናት የግራጫው ነው። ግራጫው ሰፊ ስለሆነ ሦስት ጥቅል ክር ይፈልጋል፤ አንዱ ጥቅል ደግሞ ሁለት መቶ ብር ገብቷል። አንዱን አልብሶ ሌላውን ማስቀረት አራት ወር ሙሉ ሲያሳፍራት ከርሞ፣ ይኸው ዛሬ ዘርፉ ብቻ ቀርቷታል።

አምስት ሰዓት ላይ ከታች የከሰል ሽታ መጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ኤልዳድ ነው። ሽታው አይደለም የደረሰው፣ ማሽኖቹ ወደ ስልኩ የሚልኩት ቁጥር ነው። «እታለም፣ ተሾመች ልታምስ ነው መሰለኝ፤ ሂጂና ለምኛት» ብሎ ዘጋ። ተሾመች ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእነሱ በታች ነው የምትኖረው፤ ለባልትና ቤቶች በርበሬ እያመሰች ታስፈጫለች። በሩን የከፈተችው በአንድ እጇ ማማሰያ ይዛ ነው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት?» አለች ተሾመች።

«እስከ ዘጠኝ ብቻ።»

«ማሽኑ ሳል ካለበት ሐኪም ቤት ውሰዱት። እኔ አምስት ኪሎ ለነገ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለኤልዳድ ብለሽ።»

«ለኤልዳድማ ምን የማላደርገው አለ፤ እዚሁ ደረጃ ላይ ያደገ ልጅ። ግን ጠዋት ሲወርድ አግኝቼው ምን ብሎ ሰላም አለኝ መሰለሽ? እንደምን አደሩ እመቤት። አሞታል እንዴ?»

«ዛሬ ማንንም አያውቅም» አለች ዶርቃ። «እኔንም።»

ተሾመች ማማሰያውን ዝቅ አደረገች። «እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«እሺ» አለች ተሾመች። «እንግዲያው በርበሬውም እንዳንቺ ይጠብቅ። ጭኮ ግን አታቅምሽኝ፤ ረቡዕ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ፕሮፌሰር ናይጄል የሚባሉት እንግሊዛዊ ረጅም ሰው ናቸው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመው የጀሞን ጣሪያዎች ሲያደንቁ ቆዩ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ አድናቆታቸውም አለቀ። ፕሮፌሰር ሼን የሚባሉት ቻይናዊት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው አጭር ሴት ሲሆኑ፣ እሳቸው ቀድመው ወጥተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጫማቸውን አውልቀው በር ላይ ይጠብቃሉ። ኤልዳድ በመጨረሻ ገባ። ጠዋት ጫማውን ያወለቀበት በር ላይ አሁን ጫማውን እንዳደረገ አለፈ።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ዶርቃ።»

«ደህና፣ እርስዎስ፣ አቶ ኤልዳድ? ቤተሰብ ደህና?»

ኤልዳድ ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ተናገረ። ዋቅቶላ ኮት ለብሶ ቆሟል፤ ሦስት ቀን የተለማመደውን «ዌልካም ቱ ማይ ሃውስ» አለና፣ ሌላ የተለማመደው ስላልነበረ ደገመው። እንግዶቹ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከፕሮፌሰር ናይጄል ራስ በላይ፣ ገመዱ ላይ፣ አንድ የተረሳ የዋቅቶላ ካልሲ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም አዩት፣ አንዳቸውም አላነሱትም። ጭኮው ቀረበ። ፕሮፌሰር ሼን ሁለቴ ወሰዱ። ብስኩቱ ሳይከፈት ፍሪጁ ላይ ቀረ።

በረንዳው የሚይዘው አንድ ሰው ስለሆነ ፕሮፌሰሮቹ ማሽኖቹን ያዩት ተራ በተራ ነው። መጀመሪያ ማን ይውጣ በሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ ተገባበዙ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፈተ፣ የሁለቱ ማሽኖች እስከ ትናንት ያለው የአራት ወር ቁጥር በሁለት መስመር ወጣ፤ ቀዩ የቻይናው ነው፣ ሰማያዊው የእንግሊዙ። ቀዩ ላይ ላይ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ታች ታች ይሄዳል። ፕሮፌሰሮቹ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ ኤልዳድ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት አክብሮት ሲል ለዋቅቶላ ይተረጉማል። ፕሮፌሰር ናይጄል የቻይና ባልደረቦቻቸውን ትጋት እጅግ እንደሚያደንቁ ተናገሩ። ፕሮፌሰር ሼን የእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ከዚያ የበለጠ እንደሚደነቁ መለሱ። መከባበሩ በጨመረ ቁጥር ድምፁ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ዶርቃ ትርጉም አላስፈለጋትም፤ እሷና ወንድሟ ሊጣሉ ሲሉ እንደዚሁ ነው የሚሆኑት።

ከዚያ ፕሮፌሰር ሼን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ጣታቸውን መስመሮቹ ላይ አስኬዱ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ በየሰባት ቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ሰማያዊው ተነስቶ ቀዩን ያገኘዋል፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ተመልሶ ይወድቃል። «ቅዳሜ» አሉ ፕሮፌሰር ሼን። «ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት።»

ኤልዳድ ይህን መተርጎም ጀምሮ መሐል ላይ አቆመ።

«ቅዳሜ ጠዋት እዚህ የሚመጣው ማነው?» አሉ ፕሮፌሰር ናይጄል።

«እኔ ነኝ» አለ ኤልዳድ።

ማንም ማንንም አልወቀሰም። ፕሮፌሰር ናይጄል ማንንም ለመክሰስ እንዳልሆነ አስረዱ፤ ፕሮፌሰር ሼንም እንደዚያ ያለ ነገር በፍጹም አልታሰበም አሉ። አንድ ሰው ሲገባ ማሽኖቹ የሚስማሙ፣ ሲወጣ የሚለያዩ ከሆነ፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለጊዜው ፊርማው ቢቆይ ጥሩ ነው፤ አስተባባሪውም ለጊዜው ከሥራው ቢያርፍ። በአራት ወር ውስጥ ሁለቱ ተቋማት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጥፋቱ የኤልዳድ ነው።

ዶርቃ የጭኮውን ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። «ሳተርደይ» የሚለውን ታውቃለች። የወንድሟ ጆሮዎች ከላይ ጀምረው ሲቀሉም አየች፤ ሰባት ዓመቱ ላይ ያልሰበረውን ብርጭቆ ሰበርክ ሲባል እንደዚሁ ይቀሉ ነበር። ሳህኑን አስቀመጠች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ ኮመዲኖውን ከፈተች። ዳንቴሉን እጇ ላይ ይዛ ትንሽ ቆየች። ብትናገር፣ አትንኩት የተባለውን ማሽን ስምንት ወር ስትሸፍን የኖረች ሴት ትሆናለች፤ እሱም ያላየ አስተባባሪ። ባትናገር እሱ አጭበርባሪ ነው። ዳንቴሉን ይዛ፣ ማንንም ሳታይ፣ በሳሎኑ አልፋ በጎኗ በረንዳው ላይ ወጣችና ነጩን ሳጥን እንደ ወትሮው አለበሰችው። ዘርፉን አስተካከለች። «ቅዳሜ የማነሳው ይሄን ነው» አለች ተመልሳ። «ሌላውን ቀን ለብሶ ነው የሚውለው። ያድራልም።»

ኤልዳድ አፉን ከፈተ፣ ግን ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጀምረው አላወቀም። ዳንቴልን የሚተካ ቃል ሲፈልግ፣ የተሾመች ትዕግሥት ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አለቀ። የበርበሬው ጭስ በበረንዳው በኩል ቀጥ ብሎ ገባ። ፕሮፌሰር ናይጄል ማሳል ጀመሩ፣ ዋቅቶላ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ሸፈነ፣ ፕሮፌሰር ሼን ግን ዓይናቸው እያነባ ላፕቶፑ ላይ የዛሬውን ቁጥር ከፈቱ። ቀዩ መስመር መቶ አለፈ፣ መቶ አርባ፣ ሁለት መቶ። ሰማያዊው ሃያ ስምንት ላይ ተኝቷል።

«ያንሱት» አሉ ፕሮፌሰር ሼን በእጃቸው እያሳዩ። ዶርቃ አነሳችው። ሰማያዊው ተወርውሮ ወጣና ከቀዩ ጋር ሄደ።

መጀመሪያ የሳቁት ፕሮፌሰር ናይጄል ናቸው፤ ከሳሉ ጋር ስለተቀላቀለ ሳቅ መሆኑ ቆይቶ ነው የታወቀው። ማሽኑ አልደከመውም፤ ማሽኑ አላጋነነም፤ የማንም ዩኒቨርሲቲ አላፈረም። ለስምንት ወር ብናኝ የሚለካ ማሽን ከብናኝ ተጠብቆ ኖሯል፤ ያ ብቻ ነው። ፕሮፌሰሮቹ ተጨባበጡ። ለምን እንደሸፈነችው በኤልዳድ በኩል ጠየቋት።

«አቶ ኤልዳድ አደራ ያሉኝ ዕቃ ስለሆነ ነው» አለች።

ኤልዳድ መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። ከሚናገረው ውስጥ ዶርቃ የያዘችው «ከልቸር» የሚለውን ነው፣ ባህል ማለት ነው፤ ቤተክርስቲያን ለወጣቶች የሚሰበክ ቃል ነው። ፕሮፌሰር ናይጄል ደስ ብሏቸው በማስታወሻቸው ጻፉ። የጥናቱ ጽሑፍ ሲወጣ ወይዘሮዋን በስም ማመስገን ግዴታቸው እንደሆነ ተናገሩና ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። ሙሉ ስማቸው ማን ይባላል?

ኤልዳድ አልተረጎመም። አያስፈልግም ነበር። «ዶርቃ» አለች። ብዕሩ ጽፎ ቆመ፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ኤልዳድ ባጁን በእጁ ሸፍኗል። ከታች የተሾመች ማማሰያ ብረቱን ሲቧጭር ይሰማል።

«ዶርቃ ዋቅቶላ» አለች።

ዋቅቶላ ውሃ እየጠጣ ነበር፤ ትን አለው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሚስቱ አንድም ቀን ራሷን በእሱ ስም ስትጠራ ሰምቶ አያውቅም፤ ባል አባት አይደለም፣ እሱም የሞቱትን አቶ ቀጄላን ያውቃቸዋል፣ ልጅዎን ይዳሩልኝ ብሎ ሽማግሌ የላከው እሳቸው ዘንድ ነው። ፕሮፌሰር ናይጄል በአገራቸው ያገባች ሴት በባሏ ስም ስለምትጠራ ምንም ሳይገርማቸው ጻፉት። በቻይና ግን እንደዚያ አይደለም። ፕሮፌሰር ሼን ቀና ብለው የዶርቃን ጆሮዎች አዩ፤ ከላይ ጀምረው ቀልተዋል። ከዚያ የኤልዳድን ጆሮዎች አዩ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጉና ጭኮ እንዲጨመርላቸው በምልክት ጠየቁ።

ውሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ። የጠረጴዛው ዳንቴል ብዕር እንዳያደናቅፍ ተብሎ በጥንቃቄ ተነሳ፤ ያነሱት ፕሮፌሰር ናይጄል ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ ዳንቴል በቀላሉ አያዩም። ሁለት ኮፒ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት በቻይንኛ። ዋቅቶላ የቤቱ ባለቤት ተብሎ በምስክርነት ፈረመ። ሲወጡ ዶርቃ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው፤ ኤልዳድ «ደህና ይዋሉ ወይዘሮ» ብሎ ወረደ።

ተመልሶ ሲመጣ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዋቅቶላ ካልሲውን አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል። ያለቀለት የግራጫው ዳንቴል ሶፋው ክንድ ላይ ተጣጥፏል። ዶርቃ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ድስቱ ተጥዷል። ኤልዳድ ጫማውን አውልቆ ገባ።

«አራት ዓመት ተፈራረሙ» አለ። «እኔም መስከረም እሄዳለሁ።» ቢላው ቀጠለ። «እታለም፣ ሰማሽ?»

ቢላው ቀጠለ።

«ፕሮፌሰሯ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። እህትህ ናት አይደል አለችኝ።» ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደገፈ። «ምን እላለሁ፤ አዎ አልኳት። ታዲያ ቅጹን ለምን አልሞላህም አለችኝ። ዘመድ ሲሆን የሚሞላ ቅጽ አለ ለካ፤ ተሞልቶ ከተላከ ይፈቀዳል። እሷም የእህቷን ልጅ አሠርታ ሞልታለች፣ ናይጄልም ለሚስቱ ወንድም ሞልቷል። አንድ ገጽ ነው።»

ዶርቃ ቢላውን አቆመች። «አንድ ገጽ።»

«አንድ ገጽ ነው። ከሆቴሉ አሳትሜው መጣሁ።»

ሽንኩርቱን ዘይቱ ላይ ለቀቀችው። ድስቱ ጮኸ፣ ጭሱ በመስኮቱ ወጥቶ ወደ በረንዳው ዞረ። የኤልዳድ ስልክ ጮኸ፤ አውጥቶ አየ። «እዪ፣ እዪ» አለ፣ «ሁለቱም ሰባ ስምንት። እኩል።» ወዲያው «ሁለቱም ዘጠና አንድ» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወረቀቱን ዘረጋ። መሐል ላይ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ የዘመድ ሙሉ ስም ከነአባት ይላል። ብዕሩን ይዞ ወደ እሷ አስጠጋው። «እዚህች ጋ ብቻ ነው፣ እታለም። አንቺው ጻፊው።»

«ፍሪጁ ላይ ያስቀምጡልኝ፣ አቶ ኤልዳድ» አለች ሳትዞር። «እጄ ሽንኩርት ነክቷል።»

«ሰዓቱ እኮ አሥር ሆኗል፣ እታለም።»

ሽንኩርቱን አማሰለች። ዳር ዳሩ መቅላት ጀምሯል።

«ቁጭ ይበሉ» አለች። «ወጡ እስኪደርስ ብስኩት አለ።»